የሙታን ደርብ ቃለ ጉባኤ

ዓለማት ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ሳላቅማማ አሥራ አራት እላለሁ። ሰባቱ ከእኛ ቤት የመጡ ናቸው፤ አባቴ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ሰባቱን ሰማያት ከላይ ወደ ታች ይቆጥርልን ነበር። ሰባቱ ከጓደኛዬ ቤት ናቸው፤ እሱም ቁርዓን ቤት በነበረ ጊዜ ሰባት ሰማይ ተምሯል። የኔ ሰባትና የሱ ሰባት አንድ ናቸው አይደሉም እያልን አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ ደመርናቸው። ይህን የመሰለ ቀላል መንገድ እያለ ትላልቆቹ ለምን እንደሚደክሙ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ ውስጥ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት በምጠብቅበት ዓመት ነው። ጓደኛዬ የምለው የጎረቤታችን የአናጢው ልጅ ነው። በቤታችንና በቤታቸው መካከል ያለችው የጭቃ ግድግዳ ስስ ስለነበረች የእሱ እናት ሲያስነጥሳቸው የኔ እናት በዚህ በኩል ሆና «ይማርሽ» ትላለች። አንድ ክፍል ነው የተማርነው። በሂሳብ እሱ ይበልጠኛል፣ በወሬ እኔ እበልጠዋለሁ። እሱ ዝም ማለት የሚችል ሰው ነበር። እኔ ዛሬም አልችልም፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ጨዋታው ወደ እጃችን የገባው ለውዝ ተጠቅልሎበት ነው። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲገባ ጥሎት የሄደው ወረቀት ተሰብስቦ 18 ማዞሪያ አጠገብ ካለ ባለሱቅ ዘንድ ደርሶ መጠቅለያ ሆኗል። ለውዙን በልተን ስናበቃ ወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ ክብ አየን። ዙሪያውን ትናንሽ ክቦች አሉ፣ ከክብ ወደ ክብ ቀስት ተስሏል፣ በያንዳንዱ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ተመልሰን ሄደን ባለሱቁን ለመንነውና በአሮጌ ደብተር ለውጦ የቀሩትን ገጾች ሰጠን። መዝገበ ቃላት ይዘን ተቀመጥን።

ከብዙ ድካም በኋላ የገባን ይህ ነው። ሰዎች ተሰብስበው የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ አለ። አንዱ መሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ አንዱ ጎራዴ ታጣቂ፣ አንዱ አስማተኛ እየሆኑ ከዓለም ወደ ዓለም ይጓዛሉ። ክቦቹ እነዚያ ዓለማት ናቸው። ዓለማቱ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበሩ ስለመሰሉን ደርብ አልናቸው። የጨዋታው ሕግ ግን ከገጾቹ ውስጥ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ለውዝ ይዞ ሄዷል። እኛ የደረሰን ሕግ የሌለው ዓለም ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ሕጉን ራሳችን አወጣን።

መሪዋ እኔ ሆንኩ። ከእኔ በላይ የሚያወራ ስለሌለ ምርጫ አላስፈለገም። ተጫዋቾቹ ጓደኛዬ፣ ታናሽ እህቴና አንድ ዳቦ ቤት የሚሠራ ጎረቤት ነበሩ። ዳይሱን የጓደኛዬ አባት ከዋንዛ ፍልጥ ጠርበው ሰጡን፤ ነጥቦቹ በጋለ ሚስማር የተተኮሱ ናቸው። አምስትና ስድስት ከወጣ ያሰብከው ይሳካል። አንድ ከወጣ አለቀልህ። በመካከል ያለው በመሪው ቸርነት ነው። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ግን ዳይሱን የምጥለው እኔ ነኝ፤ በጣሳ ከድኜ እጥልና ጣሳውን በእኔ በኩል ገለጥ አድርጌ፣ ያየሁትን እናገራለሁ። መሪ አይዋሽም የሚል ሕግ አልጻፍንም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሕግ ማን ይጽፋል?

የጎደሉትን ደርቦች ከኮልፌ ሞላናቸው። የጭቃ ደርብ በነሐሴ ወር የእኛ ሰፈር መንገድ ነው፤ የገባበት ሰው አንድ እግር ጫማ ሳይገብር አይወጣም። የነፋስ ደርብ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ብቻውን ይበራል፣ የቤቱ ባለቤት ከሥር እየሮጠ ይከተለዋል። የብረት ደርብ የሚባለውን ከወረቀቱ ላይ ነው ያገኘነው፤ ሰዎቹ ከብረት የተሠሩ ናቸው፣ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ አንዱ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ያነሳሉ፣ ለምን እንዳነሱ የሚጠይቅ የለም። ይህን ደርብ እህቴ እጅግ ፈራችው። እኔ ግን ስስለው ምንም አልከበደኝም፣ የት እንዳየሁት ብቻ አላስታወስኩም።

የመጨረሻው የሙታን ደርብ ነው። እሳት የለውም፣ ሰይጣን የለውም። ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ፣ የሚጠራ ግን የለም። ለዚህ ደርብ አንድ ሕግ ጻፍኩ፤ «ከሙታን ደርብ ማንም አይወጣም፣ በፈቃዱ የሚገባለት ሌላ ሰው ካልተገኘ በቀር።» ስጽፈው ዕንባዬ መጣ። በራስ ጽሑፍ ማልቀስ የአሥራ ስምንት ዓመት በሽታ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አናጢው በሚሠራበት ክፍል ወረቀቱን ዘርግተን ስንጫወት፣ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ የተሰበረ ወንበር ሊያሠራ መጣ። ክብና ቀስት ባለበት ወረቀት ዙሪያ አራት ወጣት አንገቱን ደፍቶ ሲንሾካሾክ ያየ አብዮት ጠባቂ ምን ሊያስብ ይችላል? ያንኑ አሰበ። ወንበሩን እዚያው ጥሎ ወረቀቱንና እኛን ይዞ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ሥልጣን ከያዙ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ሰው ሲያነጋግሩ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ የሚሉ ይመስላሉ። ወረቀቱን ከግድግዳው ሦስት ባለጢሞች ሥዕል ሥር ዘረጉትና በጣታቸው መሐሉን ነኩ።

«ይህ መሐል ያለው ማን ነው?»

«ማንም አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የዓለማት መገናኛ ነው» አልኩ።

«ማንም ያልሆነ መሐል አይቀመጥም። ቀስቶቹስ? ማን ለማን ነው የሚያቀብለው?»

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ ጥዬ መጥቻለሁ አለ። ያን ጊዜ ምላሴ እኔን ሳያማክር ሥራውን ጀመረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የኅብረተሰብ ዕድገት ነው» አልኩ። «ይህ የጭቃው ደርብ ጥንታዊው የጋርዮሽ ሥርዓት ነው። ይህ የነፋሱ ደርብ ካፒታሊዝም ነው፤ ሁሉ ነገር አየር ላይ ነው። ይኸኛው ደግሞ የብረት ደርብ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ የሚወስንበት...»

«ሶሻሊዝም» አሉ ሊቀመንበሩ። እኔ አላልኩም፣ እሳቸው ናቸው ያሉት።

«ከሱ በላይ ያለው ባዶ ክብስ?»

«ገና አልተደረሰበትም።»

«ትክክል ነው» አሉና ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ከዚያ ወዲህ ማርክሲዝምን በእንዲህ ያለ ፍጥነት የተረዳ ሰው አላየሁም።

ፈቀዱልን። ግን ተደብቆ መጫወት ቀረ። ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከውይይት ክበቡ ቀጥሎ በቀበሌው አዳራሽ፣ በነዋሪው ፊት እንድንጫወት ተወሰነ። በአዳራሹ የሚደረግ ነገር ሁሉ ቃለ ጉባኤ ሊያዝለት ይገባል፣ ለኛም እንዲያዝ ታዘዘ። መጀመሪያ እንደ ቤታችን ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን፤ ሊቀመንበሩ ተቆጡ። «ለሰፊው ሕዝብ ጀርባ አይሰጥም» አሉ። ስለዚህ አራታችንም ፊታችንን ወደ ሕዝቡ አዙረን በአንድ አግዳሚ ላይ ተሰለፍን፤ ጓደኛዬ ከቀኜ፣ እህቴ ከግራዬ፣ ዳቦ ጋጋሪው ጠርዝ ላይ ግማሽ ጎኑን።

ቃለ ጉባኤ የሚይዙት የቀበሌው ጸሐፊ ነበሩ። ቅኔ ቤት የቆዩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የምትለዋን አባባል እንደ ሥራ መመሪያ ነበር የያዟት። አንድም ቃል አይጥሉም። የመጀመሪያው እሑድ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፤ «አጀንዳ ሁለት፣ የደርቦች ጨዋታ። ጓድ ዳቦ ጋጋሪ ከጭቃ ደርብ ወደ ነፋስ ደርብ ለመዛወር ጠይቀው፣ ዳይስ ስድስት ስለወጣላቸው ያለ ተቃውሞ ጸድቋል።» የሙታን ደርብ ሕጌን ጭምር ከሌሎቹ ሕጎች ጋር አባሪ አድርገው ሰፉት።

ነዋሪው የመጣው ተገኝቷል እንዲባል ነው፤ ያልተገኘ ሰው የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲታደል ይታለፋል። ከሁለተኛው እሑድ በኋላ ግን ወደው መጡ። የሴቶች ማኅበር እናቶች ከፊት ረድፍ ተደርድረው ምክር ይሰጣሉ። አንድ እሑድ በነፋስ ደርብ ላይ መንገድ የዘጋ ዘንዶ አመጣሁ። ጓደኛዬ ጎራዴውን ሊመዝ ሲል አንዲት እናት ተነሡ፤ «ዘንዶው ምን አደረጋችሁ? ሰፈሩ ነው፣ እናንተ ናችሁ የሄዳችሁበት። ሽማግሌ ላኩበት» አሉ። ሌሎቹም ደገፉ። ሦስት ሽማግሌ ከአዳራሹ ተመረጡ፣ እኔ በዘንዶው ቦታ ሆኜ ተለመንኩ። እግዜር ያክብራችሁ ብዬ መንገዱን ለቀቅኩ። ጸሐፊው «ዘንዶው ተቃውሞውን አንስቷል» ብለው መዘገቡት።

እውነቱን ልናገር፣ እነዚያ እሑዶች ደስ ይሉኝ ነበር። ደስታዬ ደግሞ ከአግዳሚው በስተቀኝ ከተቀመጠው ሰው የመጣ ነበር። ወድጄው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገርም አላስፈለገኝም፣ ከእሱ በቀር ኮልፌ በሙሉ ያውቅ ነበር።

አንድ ዓርብ ከአባቱ ጣውላ ክምር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ተሳካልኝ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ነፃ የትምህርት ዕድሉ። ምሕንድስና። በረዶ ያለበት አገር ነው አሉ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለስድስት ዓመት።»

እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። እንዲህ በጥርስ የተነገረ እንኳን ደስ ያለህ የሰማ ያለ አይመስለኝም። ማመልከቱን እንኳን አልነገረኝም ነበር። ለካ ስንት ወር ሙሉ እኔ ስለ አሥራ አራት ዓለም ስለፈልፍ እሱ አሥራ አምስተኛውን ፈልጎ አግኝቷል። ቤት ገብቼ ተኛሁ፣ እናቴም ምን ሆንሽ ስትለኝ ሆዴን ነው አልኳት።

እሑድ ሲደርስ ጓደኛዬ የሚጫወተው ጎራዴ ታጣቂ ከብረት ደርብ ወጥቶ በገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ እየተሻገረ ነበር። በገደሉ ሥር የሙታን ደርብ አለ። ድልድዩ ይበጠስ አይበጠስ ዳይሱ ሊወስን ነው። በጣሳ ከደንኩ፣ ነቀነቅኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ጣሳውን በእኔ በኩል ገለጥ አድርጌ አየሁ። አንድ አልነበረም።

«አንድ» አልኩና ዳይሱን በእጄ ጠቅልዬ አነሳሁት።

እናቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እንዲህ ያለ ልጅ ሲሞት ዝም ተብሎ አይታለፍም ስላሉ፣ ሊቀመንበሩ አዳራሹን ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አስነሡ። ሟቹም ከጎኔ ተነሥቶ፣ እጁን አጣምሮ ለራሱ ቆመ። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። ጸሐፊው ጻፉ፤ «ጓዱ ዳይስ አንድ ስለወጣባቸው ከድልድይ ወድቀው ወደ ሙታን ደርብ ተሸኝተዋል።» ንዴቴ በዚያው ወጣልኝ፤ በሚቀጥለው እሑድ አንድ ምክንያት ፈጥሬ ላስነሳው አስቤ ነበር።

ያሰብኩት ሳይደርስ ሐሙስ ዕለት ጓደኛዬ ከቀበሌው ባዶ እጁን ተመለሰ። ለጉዞው የሚቀረው የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነው፣ አብዮቱን ይደግፋል የሚል። ከሚመጣው እሑድ በኋላ ባለው ማክሰኞ ካላደረሰ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጠው አሳዩት። በስሙ ላይ በቀይ ቀለም መሥመር ተሰምሮበታል፤ በትይዩ «በቃለ ጉባኤው መሠረት አልፈዋል» ይላል።

አብሬው ሮጥኩ። ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘን ተቀበሉን።

«ጨዋታ መሆኑን አጥቼው አይደለም፣ ልጆቼ» አሉ። «ግን በየሦስት ወሩ በቃለ ጉባኤ ላይ የተዛወረም የሞተም ሁሉ ወደ መዝገቡ ይገለበጣል። ሥራዬ ነው። ትናንት ሦስተኛው ወር አለቀ። እኔ ፊቴ ቆመህ አይሃለሁ፣ ሰላምታም ሰጥተኸኛል። መዝገቡ ግን አያይህም።»

«ይሰረዝልን፣ ጋሼ» አልኩ።

«ቅጂው በላያችን ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄዷል። ማህተም አርፎበታል።»

ወደ ሊቀመንበሩ ገባን። አራታችንንም አስጠርተው በአግዳሚው እንደተለመደው አሰለፉን። «ቀበሌ አይሳሳትም» አሉ። «ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ልጁ በትክክል ሞቷል፣ ወይ ደግሞ ጉባኤው ተታሏል። ጉባኤው ተታሎ ከሆነ ይህ አሻጥር ነው። ማን እንዳሻጠረ ይጣራል፣ ለበላይ አካልም ይተላለፋል።»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በአሻጥር ስሙ የተነሣ ሰው ከሰፈር ይወሰድና ወሬው ብቻ ይመለሳል። ሊቀመንበሩ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ።

«አንተ አጠገቧ ነበርክ። ዳይሱ አንድ ነበር?»

«የወደቀ ሰው ዳይስ አያይም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አላቸው።

አብዮት ጠባቂው ሳይቀር ሳቀ። ሊቀመንበሩም ያልሳቁ ለመምሰል አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። እኔም ከድንጋጤ ስለተገላገልኩ እንደ ሞኝ ሳቅኩ። ሊቀመንበሩ ግን «እንግዲያው ሞቱ ጸንቷል» ብለው አሰናበቱን።

ዓርብ ጠዋት የጓደኛዬ እናት በራችን ላይ መጡ። ሁልጊዜ ሲገቡ የኔን እናት በሳቅ የሚጠሩ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን አልጠሩም። «ልጅሽን ገደለችው ሲሉኝ ሳቅኩ» አሉኝ። «ጨዋታ ነው አሉኝ፣ ሳቅኩ። አሁን ግን አባቱ የሠራለት የጣውላ ሻንጣ በር ላይ ቆሟል፣ እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔ ዳይስ አላውቅም፣ ደርብ አላውቅም። አንቺ የገደልሽውን አንቺ አስነሺልኝ።» ሻይ እንኳን አልቀመሱም።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው፣ ከእሳቸው ይልቅ እኔ አለቀስኩ። ዋሽቻለሁ ብዬ ለመናገር ሁለት ጊዜ እስከ ቀበሌው በር ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። እዚያው በር ላይ ቆሜ ነው በገዛ እጄ ጽፌ ያለቀስኩበት ሕግ ትዝ ያለኝ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሙት ሊነሣ ነው ተብሎ ወሬው ቤቴል ድረስ ሄዶ ኖሯል። ተነሥቼ፣ ከሙታን ደርብ የሚወጣበት ሕግ አለ አልኩ።

«በጽሑፍ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ጸሐፊው አባሪውን ገለጡ፤ ገጹን አስቀድመው በክር ምልክት አድርገውበት ነበር። «አለ። በፈቃዱ የሚገባለት ሌላ ሰው ካልተገኘ በቀር ይላል።» የሳቸውም ልብ ከእኛ ጋር እንደነበረ ያን ጊዜ አወቅኩ።

«በፈቃዱ የሚገባ ማነው?» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ።

ዘንዶውን ያስታረቁት እናት እንደምንም ተነሡ። «እኔ ልግባለት፣ ዕድሜዬም ነው» አሉ። ጸሐፊው ጎንበስ ብለው «የስኳሩ ነገር ይቀራል፣ እናቴ» አሏቸው። እናት ጥቂት አሰቡና ተመልሰው ተቀመጡ። አልፈረድኩባቸውም፣ ቤታቸው ውስጥ አምስት የልጅ ልጅ ነበር።

እጄን አወጣሁ። ጓደኛዬ ከጎኔ «ተይ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። አልተውኩም። ሊቀመንበሩ ለድምፅ አቀረቡት፤ «የሚደግፍ?» አሉ። አንድ እጅ ተነሣ፣ ከዚያ ሁሉም ተነሣ። የሳልኩትን የብረት ደርብ የት እንዳየሁት ያን ጊዜ አስታወስኩ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ወጣ። «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ጓድ የቀበሌያችን ነዋሪ፣ በሕይወት ያሉና አብዮቱን የሚደግፉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል። ተቀባዩ ክፍል በሕይወት ያሉ የምትለው ለምን እንደገባች አልጠየቀም። ማክሰኞ ገቢ ሆነ።

እኔ ሞቼ ቀረሁ። በወሩ እናቴ ለስኳር ተሰልፋ የአንድ ሰው ተቀንሶባት ተመለሰች። ሻይዋን ያለ ስኳር አንድ ጊዜ ፉት አለችና «ለወንድ ብለሽ ሞትሽ?» አለችኝ።

«ለጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ እንዲህ አያፈዝም» አለች፣ ሻይዋንም ጨረሰች።

መሞት ብዙ አይከብድም፤ መታወቂያ የለህም፣ ለስብሰባ አትጠራም፣ ለሰልፍ አትወጣም። ከሁለተኛው ነገር የተነሣ ይቀኑብኝ የነበሩ ጎረቤቶች ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ጸሐፊው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ጠሩኝ፤ በመጨረሻው ቃለ ጉባኤያቸው ላይ «ከሌላ ደርብ ተዛውረው የመጡ አዲስ ነዋሪ» ብለው አስገቡኝ። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀ የለም፤ ማህተሙ ግልጽ ነበር።

እሱ የሄደ ዕለት ግን ገና ሙት ነበርኩ። 18 ማዞሪያ ፌርማታው ላይ አባቱ የጣውላ ሻንጣውን ይዘው ቆመዋል፣ እናቱ ፊታቸውን በሻሽ ጫፍ ይጠርጋሉ። አውቶቡሱ ዘገየ። እሱ ወደ እኔ ፈንጠር ብሎ መጣና ዳይሱን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ያን እሑድ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ስወጣ እሱ እንዳነሣው አላወቅኩም ነበር።

«አምስት ነበር» አለኝ።

ጣቶቼ ዳይሱ ላይ ተጨበጡ።

«ለሕዝብ ጀርባ አይሰጥም ተብለን ከጎንሽ ነበር የተቀመጥኩት። ጣሳውን በአንቺ በኩል ስትገልጪው በእኔም በኩል ነው የተገለጠው።»

«ታዲያ ሊቀመንበሩ ሲጠይቁህ...»

«ብናገር አንቺን ይወስዱሻል። ዝም ብል እኔ እቀራለሁ» አለ። «መቅረቱ ይሻላል ብዬ ነው።»

አውቶቡሱ ደረሰ። አባቱ ሻንጣውን አንሥተው ጠሩት፣ ሄደ፣ ከበሩ ላይ ሆኖ ዞረ። የምለው ነገር ሞልቶ ነበር፤ ስንት ወር የሰበሰብኩት፣ ስሙ ሁሉ በአፌ ላይ ነበር። አንድም ቃል አልወጣኝም። በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው ዝም ማለት የቻልኩት፤ በመዝገቡ መሠረት እሱንም ቢሆን በሕይወቴ ልለው አልችልም።